መጋዙን ልጣለው ወይ?

«ጋሼ፣ ዕድሜዬ 26 ነው። ትወና ተምሬያለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ኦዲሽን ስዞር ከርሜ ያገኘሁት ሦስት ትንንሽ ሚና ብቻ ነው። ቀን ቀን አጎቴ እንጨት ቤት እሠራለሁ። ጓደኞቼ ‹አይዞህ፣ የሆሊዉዱ ተዋናይ ሃሪሰን ፎርድም አናጢ ነበር፤ አንድ ቀን ዳይሬክተር አይቶት ኮከብ ሆነ› ይሉኛል። እኔ ግን እንጨቱ ጊዜዬን እየበላው ይመስለኛል። መጋዙን ጥዬ ሙሉ ጊዜዬን ለትወና ልስጥ? እጮኛዬም ‹ሠርጋችን መቼ ነው?› ማለት ጀምራለች። ባለፈው ለፊልም ቀረጻ የሚሆን በር ታዞ እኔ ነኝ ወስጄ የገጠምኩት። ተዋናይ ነኝ ማለት አፍሬ ዝም ብዬ ተመለስኩ።»

ወንድሜ፣ የበሩን ነገር መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። ከደብዳቤህ ሁሉ ትልቁ ነገር እሱ ነው፤ አንተ ግን እንደ ዋዛ ጠቅሰኸው አለፍክ።

መጀመሪያ የጓደኞችህን ታሪክ እናስተካክል። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ። እነሱ ሲያወሩት ተረት ነው የሚመስለው። አናጢው ሚስማር ሲመታ ዳይሬክተሩ በዚያ ያልፋል፤ በማግስቱ አናጢው «ስታር ዋርስ» የተባለው ፊልም ላይ ነው። እውነቱ ግን ረዘም ይላል። ላንተም የሚጠቅምህ የረዘመው ነው።

ፎርድ በ1942 ቺካጎ ተወለደ። ዊስኮንሲን ውስጥ ሪፐን ኮሌጅ ገብቶ ፍልስፍና ተማረ፤ ሳይመረቅ ወጣ። ዓይን አፋር ልጅ ነበር። ውጤቴን ከፍ ያደርግልኛል ብሎ የድራማ ኮርስ ወሰደና በዚያው ትወና ያዘው። በ1964 ካሊፎርኒያ ሄደ። ኮሎምቢያ ፒክቸርስ በሳምንት 150 ዶላር እየከፈለ በኮንትራት ያዘው። በ1966 በመጀመሪያ ፊልሙ የሆቴል ተላላኪ ሆኖ ለአፍታ ብቅ አለ።

ከዚያ ስቱዲዮ አንድ ኃላፊ ጠርቶ የነገረውን ፎርድ ራሱ ደጋግሞ አውርቶታል። ኃላፊው «ቶኒ ከርቲስ በመጀመሪያ ፊልሙ አስቤዛ የሚያደርስ ልጅ ሆኖ ነው የሠራው፤ ገና ስታየው ግን ኮከብ እንደሆነ ታውቃለህ፤ አንተ ያ ነገር የለህም» ይለዋል። ፎርድም «እኔኮ አስቤዛ አድራሽ መምሰል ያለበት መስሎኝ ነበር» አለ። ይህን መልስ በጣም እወደዋለሁ። የ24 ዓመት ልጅ ነው፤ ሥራው ምን እንደሆነ ግን ከኃላፊው የተሻለ ገብቶታል።

(ስሙ ራሱ ተይዞበት ነበር። በድምፅ አልባው ፊልም ዘመን ሃሪሰን ፎርድ የሚባል ሌላ ተዋናይ ስለነበረ፣ የኛው መጀመሪያ አካባቢ መሃል ላይ «ጄ» ጨምሮ ነው የተጻፈው። «ጄ» የምንም ስም ምህጻር አይደለችም።)

ከዚያ በኋላ ዓመታት ሙሉ በቴሌቪዥን ድራማዎች እዚህም እዚያም ትንሽ ትንሽ እየሠራ ቆየ። ኦዲሽን ይሄዳል፣ ይመለሳል። ልክ እንዳንተ። አናጢነት የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ማለትም ሰውየው መጀመሪያውኑ ተዋናይ ነበር፤ መጋዙን ያነሳው ኋላ ነው።

ለምን አነሳው? ሚስት ነበረችው፤ ሁለት ልጆችም ተወልደዋል። ያረጀ ቤት ገዝቶ ራሱ ሊያድሰው ተነሳ። ያስተማረው ሰው የለም፤ ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ እየተዋሰ ነው የተማረው። በ1970 ብራዚላዊው ሙዚቀኛ ሰርጂዮ ሜንዴስ የቀረጻ ስቱዲዮ እንዲሠራለት ቀጠረው። ፎርድ ሲያወራው፣ መጽሐፉን በእጁ ይዞ የሜንዴስ ጣሪያ ላይ ቆሞ ነበር። አንተ አጎትህ አጠገብ ቆመህ ሞራሌ መላግ ተምረሃል፤ ከሱ በላይ ዕድለኛ ነህ።

አሁን ዋናው ነገር ይምጣ። አናጢነቱ የሰጠው ገንዘብ ብቻ አይደለም። እንቢ የማለት አቅም ሰጠው። «የቸገረው እርጉዝ ያገባል» ይባል የለ? የቸገረው ተዋናይም ያገኘውን ስክሪፕት ይፈርማል። ፎርድ የወር ወጪውን በመጋዝ ስለሸፈነ፣ የማይረባውን ሚና እየተወ የተሻለውን መጠበቅ ቻለ። በ1973 በወጣው «አሜሪካን ግራፊቲ» ፊልም ላይ ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሉካስ ሲፈልገው፣ የቀረበለት ክፍያ በእንጨት ሥራ ከሚያገኘው ያነሰ ስለነበር ወዲያው አልተስማማም። ጸጉርህን ተቆረጥ ሲሉትም «ለዚህች ትንሽ ሚና? በካውቦይ ባርኔጣ ልሸፍነው» አለ። ባርኔጣውን አድርጎ ሠራ። እስቲ አስበው፤ የቤት ኪራይ አምስት ቀን የቀረው ሰው እንዲህ ይደራደራል?

ስለዚህ ለጥያቄህ መልሴ አጭር ነው። መጋዙን አትጣል። ቢያንስ አሁን አትጣል። ሁለት ዓመት ሙሉ በየኦዲሽኑ ተረጋግተህ የቆምከው፣ ማታ የምትበላው ስላለህ ነው።

ደግሞ ይህ የኛ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስልህ። በ2023 የሆሊዉድ ተዋናዮች ማኅበር 118 ቀን የፈጀ አድማ መታ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ከገረመው ነገር አንዱ ይህ ነው፤ የማኅበሩን የጤና መድን ለማግኘት አንድ ተዋናይ በዓመት ወደ 26 ሺህ ዶላር ከትወና ማግኘት ነበረበት፤ አብዛኛው አባል ግን እዚያ አይደርስም። ሆሊዉድ ውስጥ፣ የማኅበር አባል ሆነው! እነሱም አስተናጋጅ፣ ሹፌር፣ አስጠኚ፣ አናጢ ናቸው። ማንም ግን «ተዋናይ አይደለህም» አይላቸውም።

ነገር ግን አንተን ዝም ብዬ «በርታ» ብዬ አልሸኝህም። እንጨት ቤት መዋል በራሱ ማንንም ተዋናይ አያደርግም። ከፎርድ ታሪክ ሰዎች የሚዘሉት አንድ ነገር አለ፤ እሱም ደንበኞቹ እነማን እንደነበሩ ነው። የሚሠራው ሎስ አንጀለስ ነው፤ ለሙዚቀኛ፣ ለፊልም ሰው፣ ለጸሐፊ። ፍሬድ ሩስ የሚባል ተዋናይ መልማይ ያውቀው ነበር፣ ያምንበትም ነበር፤ ደጋግሞም ስሙን ያነሳለት ነበር። ከ«አሜሪካን ግራፊቲ» በኋላ የፊልሙ ፕሮዲዩሰር ፍራንሲስ ኮፖላ በ1974 በወጣው ፊልሙ ትንሽ ሚና ሰጠው። ሁለተኛ ጊዜ ፈለጉት ማለት ነው።

እኔ ወጣቶችን ሳማክር «ስንት ዓመት ልሞክር?» ሲሉኝ በዓመት አልመልስም። «ሁለተኛ ጊዜ የደወለልህ ማን ነው?» ብዬ ነው የምጠይቀው። የመጀመሪያው ጥሪ ዕድል ሊሆን ይችላል፤ አክስትህም ልታስደውልልህ ትችላለች። ሁለተኛው ግን አብሮህ ከሠራ ሰው ነው የሚመጣው። ሦስት ሚና ሠርቻለሁ ብለሃል። ከሦስቱ ቡድኖች አንዱ እንኳ ተመልሶ ፈልጎሃል? ከፈለገህ፣ መንገድ ላይ ነህ። ካልፈለገህ ችግሩ የጊዜ ማነስ አይደለም፤ መጋዙን ብትጥልም አይፈታም። እንግዲያው ደውለህ ምን እንደጎደለህ ጠይቅ። ያማል፤ ግን ጠይቅ።

ከአጎትህ ጋር ደግሞ መነጋገር አለብህ። አሁን በቀን ሂሳብ ይመስለኛል የምትሠራው፤ ከጠዋት እስከ ማታ እዚያው ነህ። በዕቃ ሂሳብ እንዲሆን ለምነው። አንድ ቁም ሳጥን ይህን ያህል፣ አንድ አልጋ ይህን ያህል ተብሎ። ያኔ ማታም ቢሆን እሑድም ቢሆን ሠርተህ ታስረክባለህ፤ ኦዲሽን ያለበት ማክሰኞ ጠዋት ያንተ ይሆናል። አጎትህ «ይህ ልጅ ሊያመልጠኝ ነው» ብሎ እንዳይጠረጥር፣ የያዝከውን ሥራ ጨርሰህ ነው ወሬውን የምታነሳው። ባዶ እጅህን ሄደህ አትጠይቀው።

ስለ እጮኛህ ትንሽ ልቆይ።

የፎርድን ትዳር ሰው ስለ ዝናው ሲያወራ አያነሳውም። ሜሪ ማርኳርትን ያገባት በ1964 ነው፤ ገና ምንም ሳይኖረው። የችግሩን ዘመን ሁሉ ያሳለፈው ከሷ ጋር ነው። ጣሪያው ላይ መጽሐፍ ይዞ ሲቆም እሷ ሁለት ሕፃናት ይዛ ቤት ናት። «ስታር ዋርስ» በ1977 ወጣ። በ1979 ተፋቱ። ከዚያ በ1983 የፊልም ጸሐፊዋን ሜሊሳ ማቲሰንን አገባ፤ ሁለት ልጆች ወለዱ፤ እሱም በ2004 በፍቺ አለቀ። ከተዋናይት ካሊስታ ፍሎክሃርት ጋር በ2010 ተጋብተው እስካሁን አብረው ናቸው። በሰው ትዳር ውስጥ ገብቼ መፍረድ የኔ ሥራ አይደለም። ግን እሱ ራሱ በ2023፣ በ80 ዓመቱ፣ ለአንድ መጽሔት ሲናገር ስኬቴ ትንሽ ቢያንስ ኖሮ የተሻለ አባት እሆን ነበር ብሏል። ልጆቹ አምስት ናቸው። ይህን የሚለው ያልተሳካለት ሰው ቢሆን ኖሮ ማጽናኛ ነው ብዬ አልፈው ነበር።

እና ልጅቷ «መቼ ነው?» ስትልህ፣ «ሲሳካልኝ» አትበላት። የማይታወቅ ቀን ነው የምትሰጣት። ሲሳካ ደግሞ ጊዜ ይኖርሃል ብለህ ተስፋ አታድርግ፤ የተሳካለት ተዋናይ ወር ሙሉ ቤት የለም። ያለህን ቁጥር አሳያት። ከእንጨቱ በወር የምታገኘውን፣ ከትወናው በዓመት ያገኘኸውን፣ ለኦዲሽን የምታወጣውን ታክሲ ሳይቀር በአንድ ወረቀት ጽፈህ አብራችሁ ተመልከቱት። ምናልባት ሠርጉን ማሳነስ ሊበቃ ይችላል። ምናልባትም እሷ እንዲህ ያለ ኑሮ አልፈልግም ትላለች። ይህን ዛሬ መስማት ከአሥር ዓመት በኋላ ከመስማት ይሻላል።

አሁን ወደ በሩ።

ፎርድ ለኮፖላ ቢሮ የሚያምር የበር መግቢያ እንዲሠራ ተጠየቀ። ተስማማ፤ ግን ማታ ማታ ብቻ ነው የምሠራው አለ። ለምን ይመስልሃል? ተዋናይ ነኝ የሚል ሰው፣ የፊልም ሰዎች በሚውሉበት ቢሮ የአናጢ ቀበቶ ታጥቆ መታየት አልፈለገም። አፈረ በቃ! አንድ ቀን ጠዋት ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ ሰጋቱራውን እየጠረገ ሳለ ጆርጅ ሉካስ ከተዋናይ ሪቻርድ ድሬይፈስ ጋር ገባ። ሉካስ ለ«ስታር ዋርስ» ተዋናይ መምረጥ የጀመረበት ቀን ነበር። ፎርድ ቀበቶውን እንደታጠቀ ቆሞ አወራቸው። ሉካስ አዲስ ፊት ነው የምፈልገው፣ «አሜሪካን ግራፊቲ» ላይ የሠሩትን አልፈልግም ብሎ ነበር። ስለዚህ ፎርድ የተጠራው ለሚናው አልነበረም። ሌሎቹ ሲፈተኑ ተቃራኒውን ቃለ ተውኔት እንዲያነብላቸው ብቻ ነው። አንዱ ይገባል፣ ሌላው ይወጣል፤ እሱ ያነባል። ስንቱን እንዳነበበው እንጃ። በመጨረሻ ሃን ሶሎ የተባለውን ገጸ ባህሪ ለሱ ሰጡት። ፊልሙ ግንቦት 1977 ሲወጣ 35 ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ገደማ ቀርቶት ነበር። ከመጀመሪያው ፊልሙ 11 ዓመት ማለት ነው።

ጓደኞችህ «ዳይሬክተር አይቶት» የሚሉት ይህንን ነው። ሉካስ ግን የማያውቀውን አናጢ አልነበረም ያየው። ቀድሞ አብሮት የሠራ ተዋናይ ነው ያየው። ደግሞም ያየው በሩ ጋ ስለነበረ ነው።

(እንጨቱም ተከትሎት ሄዷል። በ1985 «ዊትነስ» የተባለው ፊልም ላይ አሚሽ ከሚባሉት ሃይማኖተኛ ገበሬዎች ጋር ጎተራ ሲያቆም የምታየው ሰው መዶሻ አያያዝ ለካሜራ ብሎ የተማረ አይደለም። በሕይወቱ አንዴ ብቻ ለኦስካር የታጨውም በዚሁ ፊልም ነው።)

አንተስ? የፊልም ቡድን ቦታ ድረስ ሄደሃል። በሩን ሠርተሃል፣ ገጥመሃል፤ ዲኮሩን የሚቆጣጠረው ሰው በእጅህ ሥራ ተማምኗል። ስንት ልጅ ፎቶውን ይዞ እዚያ ግቢ ለመግባት ዘበኛ ይለምናል! አንተ በር ተሸክመህ በዋናው በር ገባህ፤ ከዚያ ዝም ብለህ ወጣህ።

ስልካቸው አጎትህ ደረሰኝ ላይ ይኖራል። ነገ ደውል። «ሚና ስጡኝ» አትበል። የገጠምኩት በር ማጠፊያው አላስቸገራችሁም ወይ ብለህ ጠይቅ። ካስቸገረ ሄደህ አስተካክል፤ ብር አትቀበል። ዲኮር የሚሠራላቸው ሰው ሁልጊዜ ይፈልጋሉ፤ ለሚቀጥለውም እኔ አለሁላችሁ በል። ወሬው ሞቅ ሲል ትወናም ተምሬያለሁ፣ ኦዲሽን ላይ ተቃራኒ ሆኖ የሚያነብ ሰው ከፈለጋችሁ እመጣለሁ በላቸው።

ምን እንዳሉህ ጻፍልኝ። አጎትህ በዕቃ ሂሳብ መስማማት አለመስማማቱንም።