ካራ ላደገ ሰው ስታዲየም ምን ነበር?

«አዲስ አበባ ስታዲየም ያው ኳስ ሜዳ አይደል እንዴ፣ ምን ያስናፍቃል?» ላልከው ወንድሜ። ኧረ ተው!

እኛ ከካራ ሰፈር በጠዋት ነበር የምንነሳው። ጨዋታው ከሰዓት ቢሆንም ግማሹ ደስታ ሰልፉ ላይ ነው፤ ቆሎ እየቆረጠምክ፣ ከማታውቀው ሰው ጋር ስለ ጊዮርጊስና ቡና እየተከራከርክ፣ በሩ ሲከፈት ደግሞ ያው ሰውዬ እጅህን ይዞ ይጎትትሃል። ውስጡ ራሱ ሰፈር ነው፤ የተመልካቹ መቀመጫ ሁሉ የየራሱ ስም አለው። ካታንጋ አለ፣ ሚስማር ተራ አለ፣ ከማን አንሼ አለ። ጥላ ፎቅ ለባለ ገንዘብ ነው፣ እኛን አይመለከትም።

ታሪኩን ከጠየቅክ፣ የአፍሪካ ዋንጫ ሦስቴ ተስተናግዶበታል፦ በ1954፣ በ1960 እና በ1968። በ1954 ዋንጫውን የበላነው እኛ ነን፤ በሉቺያኖ ቫሳሎ አምበልነት ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2። አባቴ ይህን ሲያወራ ዛሬም ድምፁ ይቀየራል። ልጅ ሆኜ ሁሌ እዚያ የነበረ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ በሬዲዮ ነው የሰማው።

በቅርብ ዓመታት ግን ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ «የሜዳቸውን» ጨዋታ ሰው አገር ሄደው ሲጫወቱ አይተናል። እኛም ካራ ካፌ ውስጥ፣ ማኪያቶ ይዘን፣ ቲቪ ላይ አፍጥጠናል። ሰልፍ የለ፣ ቆሎ የለ።