ካርዱ ላይ ያልጻፍኩት

ለተከበራችሁ ወጣት ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች፤

በቅርቡ አራት ኪሎ ያገኘኋት አንዲት ተማሪ ስለ ሩማቶይድ አርትራይተስ፣ የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያዎች ስለሚያጠቃበት ሕመም፣ አንስታ «በዚህ በሽታ የስኳር ሞለኪውሎች ድርሻ አላቸው ከተባለ፣ ታማሚዎቹን ሻይ ያለ ስኳር ጠጡ ልንላቸው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱ አጭር ነው፤ እነዚህ ሰውነት ራሱ ሠርቶ በፕሮቲኖችና በሴሎች ገጽ ላይ የሚሰካቸው የስኳር ሰንሰለቶች እንጂ በማንኪያ የሚጨመሩት አይደሉም። ጥያቄዋ ግን የቆየ ጸጸቴን ቀሰቀሰብኝ።

በ1987 ዓ.ም. ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ ክሊኒክ ስሠራ፣ አንዲት ወጣት እናት የአራት ወር ሕፃን ታቅፋ ገባች። የጣቶቿ አንጓዎች በሁለቱም እጆቿ ላይ አብጠው ነበር። የሕፃኑን ሹራብ ቁልፍ ለመክፈት ስትሞክር ጣቶቿ አልታዘዝ ስላሏት ጎንበስ ብላ በጥርሷ ሳበችው። ጠዋት ጠዋት እጇ እስኪፍታታ ረጅም ሰዓት እንደሚወስድባት ነገረችኝ። ቀጥላም «ዶክተር፣ እርጉዝ ሳለሁ እኮ ድኜ ነበር፤ ከወለድኩ በኋላ ነው የተመለሰብኝ» አለች። እኔም ከካርዱ ቀና ሳልል «ያኔ እረፍት ስላገኘሽ ነው» አልኳት። «እስከ መውለጃዬ እንጀራ ስጋግር ነበር» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። እናቴ ቁርጥማትን ሁሉ በብርድ ታመካኝ ስለነበር፣ ታማሚ ስለ ሕመሙ ምክንያት የሚናገረውን ሳልመዝን ማለፍ ልማዴ ሆኖ ነበር። ማስታገሻ አዘዝኩላት፤ ከዚያ በኋላ አላየኋትም።

ፊሊፕ ሄንች የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም፣ ኮርቲዞን በተባለው ሆርሞን ላይ በሠራው ሥራ በ1950 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ከመካፈሉ በፊት፣ በ1938 እ.ኤ.አ. ሕመሙ በእርግዝና ቀሎ ከወሊድ በኋላ የመመለሱን ይህንኑ ለውጥ መዝግቦ ነበር። በ1985 እ.ኤ.አ. ደግሞ ተመራማሪዎች የሩማቶይድ ታማሚዎች ኢሙኖግሎቡሊን ጂ በተባለው ፀረ እንግዳ አካል የስኳር ሰንሰለት ጫፍ ላይ መኖር የነበረበት ጋላክቶስ የተባለ ስኳር እንደሚጎድል አሳዩ። ይህ ጋላክቶስ በእርግዝና ወቅት ይጨምራል፤ ከወሊድ በኋላ መልሶ ይቀንሳል። የስኳሩ መጉደል ብቻውን በሽታውን ያመጣል እያልኩ አይደለም፤ የዚያች እናት ቃል ግን ከዚህ ጋር አንድ በአንድ ይገጥም ነበር።

በመገጣጠሚያው ውስጥም ነገሩ እንዲሁ ነው። የውስጠኛው ሽፋን ሴሎች በገጻቸው የሚሸከሙት ሲያሊክ አሲድ የተባለ ስኳር በብግነት (መገጣጠሚያው ተቆጥቶ በሚያብጥበት) ጊዜ አሰካኩ ይለወጣል። ከጤነኛ ጉልበት የተቀዳ ፈሳሽ ከመርፌው ጫፍ እንደ ማር ክር እየሳበ ይወርዳል፤ ይህን የሚያደርገው ሃያሉሮኒክ አሲድ የተባለ ረጅም የስኳር ሰንሰለት ነው። በበገነ ጉልበት ሰንሰለቱ ያጥራል፣ መጠኑም ይቀንሳል፤ ፈሳሹም እንደ ውኃ ጠብ ጠብ ይላል። ወደ ላቦራቶሪ ከመላካችሁ በፊት በዓይናችሁ እዩት።

የዛሬ ወጣቶች የታማሚውን እጅ ሳትይዙ የምርመራ ወረቀት ማንበብ ታበዛላችሁ ብዬ እወቅሳችኋለሁ። ይሁንና እኔ ያን ቀን እጆቿን ይዤ፣ አንጓዎቿን አንድ በአንድ ተጭኜ ነበር፤ የነገረችኝን ግን አልጻፍኩም።

ስለዚህ የወለደችን ሴት ሕመሙ በእርግዝናዋ ወቅት እንዴት እንደነበረ ጠይቁ። ለዚህ ሕመም የሚሰጠውን ሜቶትሬክሴት የምትወስድ ሴት ልታረግዝ ካሰበች መድኃኒቱ አስቀድሞ መለወጥ አለበት። ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት ሕመሙ ሊያገረሽ ስለሚችል ቀጠሮዋን አቅርቡላት። እኔ ለዚያች እናት ቀጠሮ እንኳ አልሰጠኋትም ነበር።