«ለምን 40?»

ለወጣት የኢንስትሩመንት (የመለኪያ መሣሪያ) መሐንዲሶች፣

ከእናንተ አንዱ ባለፈው ጠይቆኝ ነበር። «በኑክሌር ጣቢያችን አንድ አላርም የሚጮህበትን ልክ መቀየር እንፈልጋለን፤ ማብራሪያውን እንዴት ልጻፈው?» አለኝ። በሁለት መስመር ልመልስለት ነበር። አልቻልኩም፤ እነሆ ደብዳቤ ሆነ።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። አንድ የማቀዝቀዣ ውሃ ታንክ ነበረን። ውሃው ከ40 ከመቶ ሲወርድ አላርም ይጮሃል። ሌሊት ሌሊት ደግሞ አያስቀምጥም። ይጮሃል፣ ኦፕሬተሩ ቁልፉን ተጭኖ ዝም ያሰኘዋል፣ ከአፍታ በኋላ መልሶ ይጮሃል። ፈረቃው ተማረረ። እኔም ልገላግላቸው ብዬ ግማሽ ገጽ ጻፍኩ፦ «አላርሙ ያለ ምክንያት ስለሚጮህ ልኩ ወደ 30 ዝቅ ይበል።» አለቃዬ አነበቡና በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ቃል ጽፈው መለሱልኝ። «ለምን 40?»

አላውቅም ነበር። «ያለ ምክንያት» ብዬ የጻፍኩት እኔው፣ ምክንያቱን ፈልጌ እንኳ አላየሁም።

መዝገብ ቤት ገብቼ ሁለት ቀን አቧራ ስቅም ዋልኩ። የድሮው ስሌት ተገኘ። ቧንቧ ቢያፈስ ኦፕሬተሩ መስመሩን ለይቶ እስኪዘጋ ድረስ ፓምፑ ውሃ እንዳያጣ ታስቦ ነው 40 የተባለው። ሰውዬው ደረጃ ወርዶ ቫልቩ ጋ እስኪደርስ የሚፈጀው ደቂቃ ሳይቀር ተቆጥሯል። እኔ እንደ ቀልድ ልቆርጣት ያሰብኳት 10 ከመቶ የዚያ ሰውዬ ጊዜ ነበረች።

ጩኸቱስ? የታንኩ መሙያ መመሪያ በመሃል ተሻሽሎ ኖሯል። ኦፕሬተሮቹ ውሃው 40ን ገና እንዳለፈ መሙላት ያቆማሉ። ውሃው ሌሊት ትንሽ ሲቀዘቅዝ መጠኑ ይቀንስና ከ40 በታች ይገባል። መመሪያው ታረመ፣ ታንኩ ከፍ ብሎ ተሞላ፣ አላርሙም አረፈ። ልኩን ማንም አልነካውም።

ስለዚህ ማብራሪያ ስትጽፉ ከቁጥሩ ታሪክ ጀምሩ። ከሁሉ ርቆ መሣሪያው ፈጽሞ ማለፍ የሌለበት ወሰን አለ። እዚያ ሳይደረስ ሪአክተሩ (የኑክሌር ኃይሉ የሚመነጭበት እቶን) ራሱን የሚያጠፋበት ልክ አለ። አላርሙ ከዚያም ቀድሞ ነው የሚጮኸው፤ ሰው እጁን እንዲያስገባ። በመካከል ያለው ርቀት ባዶ ቦታ አይደለም። የሴንሰሩ ስህተት አለበት። በሁለት ካሊብሬሽን (መሣሪያውን ፈትሾ ማስተካከል) መካከል ንባቡ ቀስ እያለ የሚሸሸው አለበት። ምልክቱ እስኪደርስ የሚዘገየው አለበት። ልኩን ስታንቀሳቅሱ ከየትኛው ላይ እንደቆረጣችሁ በቁጥር አሳዩ። «በቂ ርቀት አለ» ብሎ ማለፍ ማብራሪያ አይባልም። ሪአክተሩን የሚያጠፋው ልክ ከሆነማ ነገሩ ሌላ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በጣቢያው የሥራ ፈቃድ ሰነድ ውስጥ የተጻፈ ስለሆነ ያለ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ይሁንታ አይነካም።

በአሜሪካ የኦሃዮውን የዴቪስ ቤሲ ኑክሌር ጣቢያ ነገር አንብቡ። ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሪአክተሩ ሕንፃ ውስጥ የአየሩን ጨረር የሚለካው መሣሪያ ፊልተር በዝገትና በማቀዝቀዣው ውሃ ውስጥ በሚጨመረው ቦሪክ አሲድ እየተደፈነ አስቸገረ። ፊልተሩን ቶሎ ቶሎ መቀየር ያዙ። ዝገቱ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ግን ሳይመለስ ከረመ። በማርች 2002 እ.ኤ.አ. የሪአክተሩ ክዳን ሲታይ አሲዱ ብረቱን ቦርቡሮታል። በቦታው የቀረው ከውስጥ የተለበጠው የማይዝግ ብረት ብቻ ነበር፤ ውፍረቱ አንድ ሴንቲ ሜትር የማይሞላ። መሣሪያው በራሱ ቋንቋ ሲናገር ነበር። እነሱ ፊልተር ይቀይሩለታል።

ይህን ስል ግን አላርም አይነካ ማለቴ አይደለም። እንዲያውም እንደኔ እንደኔ በብዙ ጣቢያ ከሚገባው በላይ ይጮሃል። በ1979 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያ በስሪ ማይል አይላንድ ጣቢያ አደጋው በጀመረ ደቂቃዎች ውስጥ ከ100 በላይ አላርም ጮኸ። አላርሞቹን በወረቀት የሚያትመው ማሽን እንኳ ከአንድ ሰዓት በላይ ወደኋላ ቀረ። ዋናው ችግር ክፍት የቀረ አንድ ቫልቭ ነበር። ከቫልቩ በታች ያለው ቧንቧ ግሎ ነበር፤ ግን ቫልቩ ቀድሞም ያፈስ ስለነበር ሙቀቱ ተለምዷል። ብዙ ሲጮህና የሚጮኸው ሲለመድ የሰው ልጅ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። አይፈረድበትም።

እና ለእያንዳንዱ አላርም አንድ ነገር ጠይቁ፦ ኦፕሬተሩ ሲሰማው ምን ያደርጋል? መልሱ «ምንም» ከሆነ አላርም መሆኑ ይቅርና መዝገብ ላይ ብቻ ይጻፍ። ውሃው ስለሚናወጥ በየአፍታው የሚጮህ ከሆነ ጥቂት ሰከንድ መዘግየት ማስገባት፣ ወይም የሚጠፋበትን ልክ ከሚጮህበት ትንሽ ማራቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ያቺ ሰከንድ ግን ከኦፕሬተሩ ጊዜ ላይ ነው የምትቀነሰው፤ ስሌቱ ውስጥ አስገቧት። ወረቀቱን ከመላካችሁ በፊት አንድ ሌሊት ከፈረቃው ጋር እደሩ። ከቢሮ የማይታይ ብዙ ነገር አለ።

አንድ ነገር ቀረችኝ። «ለጊዜው ይዘጋ» የምትለዋን ቃል ፍሯት። ለጊዜው ተብሎ የተዘጋ አላርም ሰው ሥራ ሲለቅ፣ ፈረቃ ሲቀያየር ተረስቶ ሲቀር በዓይኔ አይቻለሁ። የግድ ከሆነ የሚከፈትበትን ቀን ጻፉበት። እስከዚያ ድረስ ያንን ንባብ ማን በዓይኑ እንደሚከታተል፣ በየስንት ሰዓቱ እንደሚያይም ጻፉ። የሚከፍተው ሰው ስምም ይኑርበት፤ ያ ሰው እረፍት ከወጣ ደግሞ የተተኪው።