ከቱሉ ዲምቱ፣ ባንድ ለምትመሠርቱ ልጆች

ውድ ልጆቼ፣

ጊታር አንግታችሁ ቤቴ ስትመጡ ገና ሳትቀመጡ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «ጋሼ፣ የአዲስ አበባ ላይቭ ሙዚቃ አበቃለት እንዴ?» ትሉኛላችሁ። አላበቃለትም። ሰፈር ግን እየቀየረ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ስለዚሁ ስለ ሰፈር ነገር ነው።

ብሉዝ እንደምወድ ታውቃላችሁ። ዕድሜዬን በሙሉ ጊታር ስጫወት ኖሬያለሁ። የጀመርኩት በደርግ ጊዜ ነው፣ ሆቴል ቤት፣ ከባንድ ጋር። ያኔ ሰዓት እላፊ ነበር። ማታ የገባ ሰው እስኪነጋ አይወጣም። እኛም አብረን እናነጋለን። ዋሊያስ ባንድ ሂልተን፣ አይቤክስ ራስ ሆቴል የሚጫወቱበት ዘመን ነው። እነሱን እየሰማን ነው ያደግነው። የእነዚያ ባንዶች ጉልበት ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። በየሌሊቱ እዚያው መድረክ ላይ፣ ከነዚያው ጓደኞቻቸው ጋር ይቆማሉ። ድራመሩ ገና ትከሻውን ሲያነሳ ቤዝ የሚጫወተው ወዴት እንደሚሄድ ገብቶታል። ዘፋኙ ትንፋሽ ሲያጥረው ሳክስፎኑ ይቀበለዋል። ይህ በዩቲዩብ አይገኝም። አብሮ በማምሸት ብቻ ነው የሚመጣው።

ለዚህ ደግሞ ቤት ያስፈልጋል። ትንሽ ቤት፣ በየሳምንቱ የሚከፈት። የእኛ ከተማ እንዲህ ዓይነት ቤቶች አጥታ አታውቅም ነበር። ውቤ በረሃ ነበረ። ካዛንቺስ የአዝማሪ ቤቶቿን ይዛ ነበረች። እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ውስጥ የነበረው የሙዚቃ ክለብ፣ ጃዛምባ፣ ጥር 2007 ላይ በእሳት ሲወድም ብዙ ሙዚቀኛ አልቅሷል፣ እኔም አንዱ ነኝ። ከዚያ በ2016 ፒያሳ ፈረሰች፣ በ2017 ካዛንቺስ ተከተለች። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ አምሯል። ማሲንቆ ይዞ ማታ ማታ ከአንዱ በር ወደ ሌላው በር የሚሻገረው ልጅ ግን የሚሻገርበት በር የለውም።

ሰዉስ የት ሄደ? ሰዉ እዚህ ነው። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ጀሞ። ከመስኮቴ ወደ ውጭ ሳይ ማለቂያ የሌለው ኮንዶሚኒየም ነው። እዚያ ሁሉ ውስጥ ሙዚቃ የሚወድ ሰው አለ። ልብ የሚያደርስ ሙዚቃ ለመስማት ግን ቦሌ መሄድ አለበት። ሲመለስ ታክሲ የለም። ለራይድ የሚከፍለው ከጠጣበት ይበልጣል። ስለዚህ አይሄድም፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ ስልኩን ያያል። እናንተ ደግሞ እዚሁ ሰፈር አድጋችሁ፣ እዚሁ ተለማምዳችሁ፣ የቦሌ ክለብ እስኪጠራችሁ ትጠብቃላችሁ። ይሄ ነው የማይገባኝ።

የብሉዝን ታሪክ ያነበበ ሰው ይህ አዲስ አይሆንበትም። ብሉዝ የተወለደው በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች፣ በጥቁር ገበሬዎች መካከል ነው። ገበሬዎቹ ሥራ ፍለጋ በባቡር ወደ ሰሜን ከተሞች ሲጎርፉ ሙዚቃውም ተከተላቸው። መዲ ዋተርስ እ.ኤ.አ. በ1943 ከሚሲሲፒ ቺካጎ ገባ። ሰው በሚንጫጫበት መጠጥ ቤት የአኮስቲክ ጊታር ድምፅ አልሰማ ሲል ኤሌክትሪክ ጊታር አነሳ። የቺካጎ ብሉዝ የምንለው ድምፅ የመጣው ከዚህ ነው። እሑድ እሑድ ደግሞ ማክስዌል ስትሪት የሚባል ገበያ ነበር። ሙዚቀኞቹ ከጎረቤት ቤት መብራት በገመድ እየሳቡ መንገድ ዳር ይጫወቱ ነበር። በኋላ ያም ገበያ ፈርሷል። ሙዚቃው ግን በየሰፈሩ መጠጥ ቤት ሥር ሰድዶ ስለነበር አብሮ አልፈረሰም። እኛስ?

ባለፈው ከቤቴ ብዙም ሳይርቅ አንድ ሥጋ ቤት ያየሁትን ላጫውታችሁ። ከጎኑ ግሮሰሪ አለው። የፕላስቲክ ወንበሮች፣ አንድ አምፕሊፋየር፣ ሦስት ልጆች። አንዱ ኪቦርድ፣ አንዱ ጊታር፣ አንዱ ማሲንቆ። ኪቦርዱ ሁሉንም ነገር ይሸፍነዋል፤ ድራሙም፣ ቤዙም፣ ብራሱም ከውስጡ ነው። ጊታሩ አይሰማም። ማሲንቆው ለማስመሰል የተቀመጠ ይመስላል። መሃል ላይ መብራት ሄደ። ኪቦርዱ ጸጥ አለ። ማሲንቆ የያዘው ልጅ ግን አላቋረጠም። ተነሥቶ ወደ ጠረጴዛዎቹ መሃል ገባ። ያለ ማይክ ዘፈነ። ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ የላዳ ሹፌር «ተቀበል!» አለው።

አራተኛ ፎቅ ነው የቤትሽ ከፍታ፣
ደረጃው አድካሚ ለሚመጣ ማታ።

ልጁ ተቀበለው። ቤቱ ተነቃነቀ። ሥጋ የሚቆርጠው ሰውዬ ቢላዋውን አስቀምጦ መጣ። ጊታር የያዘው ልጅ ዝም ብሎ ሁለት ሦስት ድምፅ ብቻ ጣል ጣል እያደረገ አጀበ፤ በዚያ ምሽት ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ። መብራቱ ሲመጣ ኪቦርዱን ለመክፈት የቸኮለ ሰው አልነበረም።

በዋን ማን ባንድ፣ ማለትም ብቻቸውን በአንድ ኪቦርድ ሁሉንም እየተጫወቱ የሚተዳደሩትን ልጆች አልወቅስም። እንጀራ ነው። የቤቱ ባለቤትም ለአንድ ሰው መክፈል ይቀለዋል። ግን ሦስት ሆናችሁ ከተሰበሰባችሁ ሦስታችሁም ተጫወቱ። ቤዝ የሚጫወት ፈልጉ። ድራመሩ ትንሽ ቤት ውስጥ በእንጨቱ ፈንታ ድምፁ ለስለስ በሚለው በድራም ብሩሽ መጫወት ይልመድ። ድምፅ ቀንሱ። ሥጋ ቤት የመጣ ሰው ጓደኛውን ማጫወት ይፈልጋል፤ ካላስወራችሁት በሚቀጥለው ዓርብ አይመጣም። ፎቅ ላይ ልጆች ተኝተዋል፣ በጠዋት ሥራ የሚገባ ሰው አለ። አራት ሰዓት ላይ አቁሙ። ጎረቤት የወደደው ባንድ ዓመት ይቆያል፤ ጎረቤት የከሰሰው በወሩ ይባረራል።

አሁን ወደ ጨዋታው ልምጣ። ብሉዝ አስተምረን ስትሉኝ መጀመሪያ ቅኝት የምጠይቃችሁ ለምን እንደሆነ ላስረዳ። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብላችሁ ተጫወቱ። ይህ ትዝታ ሜጀር የምንለው ቅኝት ነው። እነዚያኑ አምስት ድምፆች ከላ ጀምሩ፤ ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል። ይሄ የብሉዝ ጊታሪስቶች ቀንና ሌሊት የሚጫወቱበት መስመር ነው። እኛ ባቲ ማይነር እንለዋለን። ስለዚህ ለጆሯችሁ እንግዳ አይደለም፤ እናታችሁ ቡና ስታፈላ ስታንጎራጉረው ሰምታችሁታል። ልዩነቱ አካሄዱ ላይ ነው። የተለመደው ብሉዝ አሥራ ሁለት ባር፣ ማለትም አሥራ ሁለት እኩል የምት ክፍል አለው፣ ሦስት ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) አለው፣ ኮርዱ በሰዓቱ ይቀየራል። ትዝታ ግን እዚያው ላይ እየተመላለሰ ነው የሚጠልቀው። ትዝታን በብሉዝ ኮርድ አስገድዳችሁ ስትሸከሽኑት ሆዱን ያጣል። ብዙ ወጣት ባንዶች ፊውዥን ብለው የሚያቀርቡት ነገር የማይጥመኝ በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱንም ለየብቻ እስከ ጥጋቸው እወቁ። ከዚያ ቢገናኙም ያምርባቸዋል።

ብሉዝ ውስጥ ያቺ ልብ የምትበላ ድምፅ አለች፣ በማይነርና በሜጀር ሦስተኛ መካከል የምትገኘው። ጊታር ላይ ክሩን ገፍታችሁ ነው የምታገኟት። ማሲንቆ ላይ ግን ፍሬት፣ ማለትም እንደ ጊታር አንገት ላይ ድምፁን የሚከፋፍል ብረት የለም። አንድ የፈረስ ጭራ ክር ነው፤ ጣት የዘፋኙን ድምፅ እየተከተለ ይንሸራተታል። ስለዚህ ጊታር የምትማሩ ልጆች ጥሩ ማሲንቆ ተጫዋች አጠገብ ተቀመጡ። ምን እንደሚጫወት ብቻ ሳይሆን የት ላይ ዝም እንደሚል አዳምጡ። ጌታቸው መኩሪያን ተመልከቱ። ሽለላውን፣ ፉከራውን በሳክስፎን አመጣው። ከዓመታት በኋላ ፈረንጆቹ ሰምተው ፍሪ ጃዝ ነው እንዴ ብለው ተገረሙ። እሱ የሚያውቀው የአባቶቹን ፉከራ ነው።

ስለ ገንዘብም ሳልናገር አላልፍም፣ ብዙ ባንድ የሚፈርሰው በዚህ ነውና። ከባለቤቱ ጋር ገና ገመድ ሳትሰኩ ተነጋገሩ። ለማታው ስንት? እራት አለ? የመመለሻ ትራንስፖርት በማን ነው? ሽልማት የሚለጠፈው ዘፋኙ ግንባር ላይ ነው፤ ያ ብር የባንዱ መሆኑን አስቀድማችሁ ተስማሙ፣ ማታውኑ ቆጥራችሁ ተካፈሉ። ጥር የሠርግ ወር ነው፣ ሥራ ይትረፈረፋል። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ጭር ይላል፣ ጾሙ እስኪፈታ ድረስ ጥሪ የለም። የጥርን ብር ለሁዳዴው አስቀምጡ። ጊታሩን ሸጦ የቤት ኪራይ የከፈለ ስንት ጎበዝ ልጅ አውቃለሁ። አብዛኞቹ ወደ ሙዚቃ አልተመለሱም። ዛሬም ሳስባቸው ያንገበግበኛል። ሁዳዴንም እንደ ሥራ ፈት ጊዜ አትዩት። አዲስ ዘፈን የሚጠናው፣ ባንድ የሚጠነክረው ያኔ ነው።

ሴት ልጆች ደግሞ፣ ወንዶቹ ዘፋኝ ብቻ ሊያደርጓችሁ ሲሉ እሺ አትበሉ። በዚህ ሰፈር ክራርና ቤዝ አሳምረው የሚጫወቱ ልጆች ሰምቻለሁ። ወንዶች፣ ማታ ሥራ ሲያልቅ ሁላችሁም ቤት መግባታችሁ ሳይረጋገጥ አትበታተኑ። ይህ የባንድ መሪ ሥራ ነው።

የሥጋ ቤቱን ባለቤት አነጋግሬዋለሁ። ዓርብ ማታን ለእናንተ ሊሰጥ ፈቃደኛ ነው። ለሦስት ወር እንሞክረው ብሏል። ክፍያው ብዙ አይደለም፣ እራት ግን አለ። የእኔን አምፕሊፋየር ትወስዳላችሁ። ድራም የለም፣ ያለው ልጅ ያምጣ። ማሲንቆ ተጫዋቹንም ጠይቄዋለሁ፤ ቦሌ ለመሄድ ሁለት ታክሲ ከመያዝ እዚሁ ብሠራ ደስ ይለኛል አለኝ። ረቡዕ ከሰዓት ቤቴ ኑና ልምምድ እንጀምር። በባቲ ነው የምንጀምረው፤ ጊታራችሁን ቃኝታችሁ ኑ።