ማስጠንቀቂያው ተልኳል፤ ብሩስ የት ነው?

በዚህ ዙር የደረሱኝ ጥያቄዎች ከወሎ ናቸው። ስለ ድርቅ፣ ስለ ጎርፍና እነዚህን ሁሉ ያስተባብራል ስለሚባለው ፖሊሲ። ረዘም ያሉትን አሳጥሬያቸዋለሁ።

«የአደጋ ስጋት አመራር የሚሉት ያው እርዳታ ማደል አይደለም እንዴ? ስሙን ማሳመር ምን ይጠቅማል?» (ተማሪ፣ ኮምቦልቻ)

አይደለም። እርዳታ የሚታደለው አደጋው ከደረሰ በኋላ ነው። የስጋት አመራር ግን ማን በምን እንደሚጎዳ አስቀድሞ አውቆ ጉዳቱን መቀነስ ነው። ይህን ልዩነት ወሎ በሕይወት ከፍሎ ነው የተማረው። በ1965 እና 66 ረሃቡ ሲገባ መንግሥት ደበቀው፤ ሕዝቡ አውራ ጎዳና ዳር አለቀ። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን የተቋቋመው ከዚያ በኋላ ነው። በ1977 ደግሞ ኮሚሽኑ እያለ፣ ማስጠንቀቂያም ሰጥቶ ሳለ፣ ኮረም ላይ ሕዝብ በረሃብ አለቀ።

በ1986 የወጣው ብሔራዊ ፖሊሲ እርዳታና ልማት ይያያዙ አለ። በ2005 የወጣው ከድርቅ አልፎ ጎርፉንም ወረርሽኙንም አካተተ፤ ትኩረቱንም አደጋው ከመድረሱ በፊት ወደሚሠራው ሥራ አዞረ። ሐሳቡ ትክክል ነው፣ እደግፈዋለሁ። የሚያንገበግበኝ ወረዳ ሲደርስ የሚሆነው ነው። የሚቀጥለው ደብዳቤ በደንብ ይናገረዋል።

«በየጊዜው የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሪፖርት እንልካለን። በልጉ እንደቀረ ጽፈናል። እስካሁን ‹አጥኚ ቡድን ይመጣል› ነው የሚሉን። ለምን?» (የግብርና ባለሙያ፣ ደላንታ)

ወንድሜ፣ ሪፖርትህ ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዚያም ወደ ክልልና ወደ ፌዴራል ይሄዳል። የእርዳታው መጠን የሚወሰነው ግን በአብዛኛው በሌላ መንገድ ነው። ከበልግና ከመኸር በኋላ መንግሥትና አጋር ድርጅቶች በጋራ ዳሰሳ ያካሂዳሉ። ቡድኑ ይወርዳል፣ ቁጥር ይዞ ይመለሳል። በቁጥሩ ላይ ክርክር ይነሣል። ሰነዱ ይወጣል፣ ከዚያ ለጋሾች ይለመናሉ። እህሉ ሲደርስ ወራት አልፈዋል።

በዚህ መሀል ደጋው ላይ ምን እንደሚሆን አንተ ታውቀዋለህ፤ ለሌሎች አንባቢዎች ልንገር። ለገብስ የታረሰው ማሳ የካቲትን ዝናብ ሲጠብቅ ይከርማል። መጋቢትም ያልፋል። ለዘር የተቀመጠው ይበላል። ቀጥሎ በግ ገበያ ይወጣል፤ መጀመሪያ ጠቦቱ፣ በኋላ እናቲቱ። ሁሉም አንድ ላይ ስለሚሸጥ የበግ ዋጋ ይወድቃል፣ የእህል ዋጋ ይሰቀላል። ወጣቱ ወይ ኦፓል ፍለጋ ጉድጓድ ይገባል፣ ወይ ዓረብ አገር ለመሄድ ደላላ ያፈላልጋል። እናቲቱ በግ ከተሸጠች በኋላ የሚመጣ ስንዴ ነፍስ ያቆያል እንጂ ቤቱን መልሶ አያቆምም። ያ ቤተሰብ ለሚቀጥለው በልግም ባዶ እጁን ነው የሚቀርበው።

ስለዚህ ፖሊሲውን ለሚያስተባብሩት ደጋግሜ የምለው አንድ ነገር ነው። ምልክቱ አስቀድሞ ይቆረጥ። ዝናቡ እስከዚህ ቀን ካልጣለ፣ ወይም አንድ በግ ተሸጦ የሚሸምተው ገብስ ከዚህ ካነሰ፣ ወረዳው ማንንም ሳያስፈቅድ የሚያወጣው ገንዘብ በእጁ ይኑር። ለዘር፣ ለመኖ፣ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች አልሚ ምግብ። ዛሬ ወረዳው ባለቤት ነው ይባላል፤ በጀቱ ግን ደመወዝ ተከፍሎ የሚተርፈው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ባዶ ካዝና የያዘ ባለቤት ምን ያድርግ? አጥኚው ቡድን ይምጣ፣ ይቁጠር። እሱ እስኪመጣ ግን እናቲቱ በግ ልትሸጥ አይገባም።

አንተም «በልግ ቀርቷል» ብለህ ብቻ አትተው። የበጉንና የገብሱን ዋጋ ከአምናው ጋር አስተያይተህ በየሳምንቱ ጻፍ። ቁጥር የያዘ ሪፖርት እንደዋዛ ወደ ጎን አይባልም። ግልባጩንም አስቀር።

«መሥሪያ ቤቱ ስንቴ ተቀያየረ? ማንን እንደምንጠይቅ ግራ ገባን።» (ደሴ)

ብዙ ጊዜ። በ1966 የተጀመረው ኮሚሽን በ1987 የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት ኮሚሽን ሆነ። በ1996 ኤጀንሲ ተባለ። ቀጥሎ በግብርና ሚኒስቴር ሥር ዘርፍ ሆኖ ገባ። 10.2 ሚሊዮን ሰው አስቸኳይ የምግብ እርዳታ በፈለገበት በ2008ቱ ድርቅ ሰሞን እንደገና ኮሚሽን ሆነ፤ አንድ ሰሞን ደግሞ ተጠሪነቱ ለሰላም ሚኒስቴር ነበር። ዛሬ የኢትዮጵያ አደጋ ስጋት አመራር ኮሚሽን ይባላል። በተዛወረ ቁጥር ነባር ባለሙያ ይበተናል፣ ሰነድ ይጠፋል። ይህ ከሁሉ በላይ ያሳዝነኛል። ልምድ ያለው ሰው ያጣ ተቋም ሌሎች ሚኒስቴሮችን ጠርቶ ማስተባበር አይችልም፤ ስብሰባውን ቢጠራም ውሳኔ የማይሰጥ ተወካይ ነው የሚላክለት። እናንተ ግን ከታች ጀምሩ፦ መጀመሪያ ወረዳውን ጠይቁ።

«ሴፍቲኔት የአደጋ ሥራ ነው ወይስ የድሀ ድጎማ?» (መርሳ)

ሁለቱም ነው። ከ1997 ጀምሮ በየዓመቱ እህል የሚያጥረው ቤተሰብ ንብረቱን ሳይሸጥ እንዲሻገር ይከፍላል። መሥራት የሚችለው እርከን ይሠራል፣ ውኃ ያቁራል፤ አረጋውያንና አቅም የሌላቸው በቀጥታ ይደገፋሉ። ያ እርከን በደንብ ከተሠራ የሚቀጥለውን ጎርፍ ይቀንሳል። ክፍያው ከዘገየ ግን ነገሩ ሁሉ ተበላሸ ማለት ነው።

«የቅሬያችን ድንኳንና ድስት ለተፈናቃዮች ወጥቶ ነበር፤ ግማሹ አልተመለሰም። በመንግሥት ዕቅድ ውስጥ እኛ የት ነን?» (የቅሬ ሰብሳቢ፣ ሐይቅ)

እናቴ፣ አብሽሩ። በ2013 መጨረሻና በ2014 ሰው ከየቦታው ሲፈናቀል መጀመሪያ በሩን የከፈተው ጎረቤት ነው፤ እንጀራ የጋገረው፣ ምንጣፍ ያነጠፈው እንደናንተ ያለ ቅሬ ነው። ሌላው አገር ዕድር የሚለው ማለቴ ነው። መዝገባችሁ ላይ ማን አልጋ ላይ እንደዋለ፣ የትኛዋ እናት ብቻዋን ልጆች እንደምታሳድግ ይታወቃል። እንዲህ ያለ ዝርዝር የትም ቢሮ አይገኝም። ስለዚህ የቅሬ ተወካይ በቀበሌው የአደጋ ኮሚቴ ውስጥ በድምፅ መቀመጥ አለበት፤ ጭንቅ ሲመጣ ብቻ መጠራት የለበትም። ዕቃ ሲወጣም በፊርማ ይውጣ፣ መተኪያውም ከወረዳው የመጠባበቂያ በጀት ይያዝ። የጠፋባችሁን ዛሬውኑ ዘርዝራችሁ፣ በማኅተማችሁ፣ በጽሑፍ ጠይቁ። መብታችሁ ነው፤ ልመና እንዳይመስላችሁ።

«የቦርከና ወንዝ ሲሞላ ተጠያቂው ማን ነው?» (ከሚሴ)

በ2005ቱ ፖሊሲ መሠረት እያንዳንዱ አደጋ መሪ መሥሪያ ቤት አለው፦ ወረርሽኝ የጤና፣ የሰብልና የእንስሳት አደጋ የግብርና፣ ጎርፍ የውኃ። የከተማው ቦይ ደግሞ የማዘጋጃ ቤቱ ሥራ ነው። ችግሩ ወንዙ የዞን ድንበር አያውቅም። ላይ ደሴና ኮምቦልቻ የተጣለው ቆሻሻና የታጠበው አፈር ታች እናንተ ጋ ይደርሳል። የላይኛውና የታችኛው ወረዳዎች ከክረምት በፊት አብረው ይቀመጡ፤ ላይ ውኃው ሲጨምር ታች ለማን እንደሚደወል በስም ይለዩ። እስከ ግንቦት ድረስ ያ ስም እጃችሁ ካልገባ ዞኑ ድረስ ሄዳችሁ ጠይቁ።