መልስ፦ ዱባይ ያለችው እህቴ ሳታገባ አርግዛለች፤ ሐኪም ቤት ብትሄድ ትታሰራለች ወይ?

እህቴ፣ ፍርሃትሽ ይገባኛል። ድሮ እውነትም እዚያ ሳያገቡ ማርገዝ ያሳስር ነበር። ከጃንዋሪ 2022 ወዲህ ግን ሕጉ ተለውጧል፤ ያለ ጋብቻ አብሮ በመሆን ክስ የሚመጣው ባል ወይም አሳዳጊ ሲያመለክት ነው።

አሁን ትልቁ ጣጣ የልጁ ወረቀት ነው። ወላጆቹ ካልተጋቡ፣ ወይም ቢያንስ አንዳቸው ልጁን አምነው መታወቂያና ፓስፖርት ካላወጡለት፣ ከ2 ዓመት የማያንስ እስር አለ። ስለዚህ ሳትወልድ ዱባይ ያለው ቆንስላችን ሄዳ ትጠይቅ።

የእርግዝና ክትትሏን በፍጹም አታቋርጥ። ኃይለኛ ራስ ምታት ከያዛት፣ ፊቷ ካበጠ ወይም ደም ካየች ቀጠሮ ሳትጠብቅ ድንገተኛ ክፍል ትግባ። ማዳሟ ፓስፖርቷን ይዛባት ከሆነ ሕገወጥ ነው፣ ታስመልስ። ያልገባትን የዐረብኛ ወረቀትም እንዳትፈርም አደራ።