ናሙናው ፈላ፣ ተቃጠለ ወይስ ፈረሰ?

ጥያቄ፦ የምሠራው ኬሚካል መመርመሪያ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ግሊሰሪን ስናሞቅ ወደ 290 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ይፈላል፤ እዚያው ግን ወደ ሌላ ነገር መለወጥም ይጀምራል። ሪፖርቱ ላይ አንዱ ባልደረባዬ «በሰበሰ»፣ ሌላው «ተቃጠለ» ብሎ ይጽፋል። የቱ ነው ትክክል?

መልስ፦ ሁለቱም አይሆኑም። «በሰበሰ» እርጥበትና ጊዜ ይፈልጋል፤ ለቅጠል፣ ለሙዝ፣ ለእንጨት ነው። «ተቃጠለ» ደግሞ ይብሳል። መቃጠል ያለ ኦክስጅን አይሆንም፤ እናንተ ግን ናሙናውን ኦክስጅን በሌለበት፣ ናይትሮጅን ውስጥ ብታሞቁትም መለወጡ አይቀርም። ሪፖርቱን የሚያነብ ሠራተኛ «ተቃጠለ» ሲባል እሳት የተነሳ ነው የሚመስለው።

እኔ «በሙቀት ፈረሰ» እላለሁ። ትዳር ይፈርሳል፣ ማኅበር ይፈርሳል፣ ውል ይፈርሳል። የኬሚስትሪ መጽሐፎቻችንስ «ውሁድ» ይሉ የለ? የተዋሐደ ማለት ነው እኮ፤ የተዋሐደ ሲለያይ ፈረሰ ነው የሚባለው።

«ፈላ» ሌላ ነው። ውሃ ሲፈላ ክዳኑ ላይ ያረፈችውን ጠብታ እዩዋት፤ ያው ውሃ ናት። ስኳር ምጣድ ላይ አድርጋችሁ ብታሞቁት ግን ይቀልጣል፣ ይቀላል፣ ከዚያ ይጠቁራል፤ የወጣውን እንፋሎት ብታቀዘቅዙት ስኳር አታገኙም። ስለዚህ ስኳር ነጥበ ፍሌት (የሚፈላበት የሙቀት መጠን) የለውም፣ ሳይፈላ ይፈርሳል። ለጠቆረው «ከሰለ» የሚል ግሩም ቃል አለን፣ ግን የፈረሰ ሁሉ አይከስልም፤ የኖራ ድንጋይ በኃይለኛ ሙቀት ሲፈርስ የሚቀረው ነጭ ኖራ ነው።

አሁን ወደ ግሊሰሪኑ። ሲግል ዓይን የሚቆጠቁጥ ጭስ ይወጣዋል፤ አክሮሊን ነው፣ ከፈረሰው ግሊሰሪን የመጣ። «ፈልቶ ፈረሰ» ብላችሁ ከጻፋችሁ መጀመሪያ ፈላ፣ ከዚያ ፈረሰ ማለታችሁ ነው። ሁለቱ አብረው ስለሚሄዱ «እየፈረሰ ይፈላል» በሉ። ይቺ «እየ» ትንሽ ብትመስልም ቅደም ተከተሉን የምታስተካክለው እሷ ናት።

የአየር ግፊቱንም አትርሱ። ውሃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ፣ አዲስ አበባ ላይ ግን በ92 ገደማ ነው የሚፈላው። ግሊሰሪንም ግፊቱ በጣም ከተቀነሰለት ከ290 በታች ይፈላል፤ ያን ጊዜ ሪፖርቱ ላይ «ሳይፈርስ ፈላ» ብላችሁ ጻፉ።